ውሃው ጠራ፣ ዓሦቹ ግን ከቅርፊታቸው ወጡ

አዲስ አበባ፣ አምባሳደር አካባቢ ባለ አንድ ቢሮ፣ እንግዳ መቀበያው ጥግ ላይ 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 30 ወርድና 30 ከፍታ ያለው አኳሪየም (የዓሣ ገንዳ) አለ። ጢም ብሎ ቢሞላ 54 ሊትር ይይዛል። አሸዋውና የቀንድ አውጣ ቅርፊቶቹ ቦታ ስለሚወስዱ ግን ውሃው ከ45 ሊትር እምብዛም አያልፍም። ነዋሪዎቹ መልቲዎች ናቸው፤ ሙሉ ስማቸው ኒኦላምፕሮሎገስ መልቲፋሺያተስ። ዘራቸው ከታንጋኒካ ሐይቅ ነው። እዚያ ኒኦታውማ የሚባለው ቀንድ አውጣ ሲሞት ባዶ ቅርፊቱ በሐይቁ ወለል ላይ ይከመራል፤ መልቲዎች የሚኖሩትም፣ የሚራቡትም፣ ሲደነግጡ የሚሸሸጉትም እሱ ውስጥ ነው። ወንዱ ቢያድግ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ሴቷ ከዚያም ታንሳለች። እንደነሱ ለትንሽ ገንዳ የሚስማማ ሲክሊድ (የዓሣ ወገን ነው) ማግኘት ይከብዳል።

ነገሩ የሆነው በገና ሰሞን ነው። ዓርብ ማታ ከሠራተኞቹ አንዱ ዓሦቹ እስከ ሰኞ እንዳይራቡ ብሎ የሦስት ቀን ምግብ በአንዴ ጨመረላቸው። ቅዳሜ መብራት ሄደ። የአየር ፓምፑ ቆመ፣ 50 ዋቱ ማሞቂያም ጠፋ። የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ውሃውን ወደ 18 ዲግሪ አወረደው። ዓሦቹ ሲበርዳቸው መብላት ተዉ፤ የተረፈው ምግብ አሸዋው ላይ መበስበስ ጀመረ። ሰኞ ጠዋት የጽዳት ሠራተኛዋ ስትገባ መብራቱ ተመልሷል፣ ውሃው ግን አጓት መስሏል። ሴትዮዋ ሥራዋን የምታከብር ናት። ውሃውን የሚያጣራውን ስፖንጅ አውጥታ በቧንቧ ውሃ ጥርት እስኪል አጠበችው፣ የምግቡን ትራፊ ጠረገች፣ መስተዋቱን ፈተገች፣ ከግማሽ በላይ ውሃውንም ቀየረች። ስለ አኳሪየሙ አንድም ቀን ያስረዳት ሰው አልነበረም፤ ጥፋቱን እሷ ላይ መጫን ግፍ ነው።

ረቡዕ ዓሦቹ ወለሉን ለቀው ውሃው አናት ላይ ሲያለከልኩ ታዩ። ለመልቲ ይህ ትልቅ ምልክት ነው። ጤነኛ መልቲ ጣት ወደ መስተዋቱ ሲጠጋ ወደ ቅርፊቱ ይወረወራል እንጂ ሽቅብ አይወጣም። ገንዳውን የሚከታተለው ወጣት ተጠርቶ መጣና መለኪያ ጠብታውን አወጣ።

«ልጄ፣ ውሃው እኮ ኩልል ብሏል፤ ምን ሆነው ነው?» አለችው የጽዳት ሠራተኛዋ።

«እትዬ፣ የሚገድላቸው በዓይን አይታይም» አላት፤ የሙከራ ብልቃጡንም አሳያት። ቀለሙ አረንጓዴ ሆኗል፦ አሞኒያ በሊትር 2 ሚሊ ግራም። ፒኤች (የውሃው የአሲድነት መለኪያ) 8.4፣ ሙቀቱ 25 ዲግሪ።

እነዚህን ሦስት ቁጥሮች አንድ ላይ ማንበብ ያስፈልጋል። ከብስባሽና ከዓሣ ኩስ የሚወጣው አሞኒያ ውሃ ውስጥ በሁለት መልክ ይገኛል፤ ዓሣን በብርቱ የሚመርዘው አንዱ ነው፣ የእሱን ድርሻ የሚወስነው ደግሞ በዋናነት ፒኤች ነው። በ25 ዲግሪ፣ ፒኤች 7 ላይ መርዛማው ከጠቅላላው 0.6 በመቶ ገደማ ነው። ፒኤች 8.4 ላይ ከ12 በመቶ ያልፋል። ሌላ ዓሣ ባለበት፣ ፒኤቹ 7 አካባቢ በሆነ ለስላሳ ውሃ ብዙም ጉዳት ሳያደርስ የሚያልፍ መጠን፣ የታንጋኒካ ዓሣ በሚፈልገው ከፍተኛ ፒኤች ባለው ውሃ ከ20 እጥፍ በላይ ይመርዛል። መልቲ የሚያረባ ሰው ከማንም በላይ አሞኒያን መፍራት ያለበት ለዚህ ነው።

አሞኒያውን የሚበሉት ባክቴሪያዎች አብዛኞቹ የሚኖሩት ስፖንጁ ውስጥ ነበር። አየር ሲቋረጥ ተዳከሙ፤ ከውሃ ፈረቃ በኋላ ክሎሪኑ በርትቶ የመጣው የቧንቧ ውሃ ደግሞ የቀሩትን ጨረሳቸው። ስፖንጅ መታጠብ ያለበት ከገንዳው በተቀዳ ውሃ፣ ባልዲ ውስጥ ሁለት ሦስቴ ጨመቅ ጨመቅ ተደርጎ ነው። ቡናማ ቢሆን ግድ የለም።

ሰኞ የምግቡ ትራፊ ከተጠረገ በኋላ አሞኒያው ከየት መጣ? እዚህ ላይ ነው ቅርፊት አዳሪ ዓሣ ከሌላው የሚለየው። ሌላ ዓሣ ሲሞት ይንሳፈፋል ወይም ወለሉ ላይ ይታያል። መልቲ ሲታመም ቅርፊቱ ውስጥ ጥግ ድረስ ይገባና እዚያው ይሞታል፤ ማንም ሳያየው ይበሰብሳል። ያለበትን ግን ማወቅ ይቻላል። ዓሣ ያለበት ቅርፊት አፉ ዘወትር የተጠረገ ነው፣ ከፊቱም ዓሣው በአፉ አሸዋ እየዛቀ የቆፈራት ትንሽ ጉድጓድ አለች። የሞተበት ቅርፊት አሸዋ እየሞላው ይሄዳል፤ አንዳንዴም አፉ ላይ ነጭ የሻጋታ ክር ይታያል።

ወጣቱ መጀመሪያ የወለሉን ፎቶ በስልኩ አነሳ። ቅርፊቶቹ ቦታቸው ከተዛባ ሴቶቹ በድንበር ይጣላሉና። ከዚያ አንድ በአንድ፣ አፉን ወደ ታች አድርጎ ከውሃው ቀስ እያለ አወጣቸው፤ ውሃው ሲንቆረቆር በሕይወት ያለው ዓሣ አብሮ ወደ ባልዲው ይወርዳል። ቅርፊቱን መነቅነቅም ሆነ በእንጨት መጎርጎር አይገባም፣ ክንፉን ይቀደዋል። ባዶ የመሰለውን እያንዳንዱን ቅርፊት አሸተተ። ሦስቱ ሸተቱ፤ አንዱን እትዬም ተቀብላ አሽትታ ፊቷን አዞረች። እነዚያ ተቀቅለው እስኪጸዱ ከገንዳው ውጭ ቆዩ።

ውሃውን በአንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ አልቀየረውም። በየቀኑ አንድ ሦስተኛውን፣ 15 ሊትር ያህል፣ አሞኒያው ዜሮ እስኪገባ ቀየረ። የሚጨመረው ውሃ ከዋዜማው 20 ሊትር ጄሪካን ውስጥ 24 ሰዓት አየር እየተነፋበት ያድራል፣ ክሎሪኑ እንዲወጣ። ለ20 ሊትር አንድ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ፣ 5 ግራም ገደማ ቤኪንግ ሶዳ ይገባበታል፤ ይህ የካርቦኔት ጥንካሬውን (ፒኤቹ እንዳይዋዥቅ የሚይዘውን) በ8 ዲግሪ ያህል (የጥንካሬ መለኪያ እንጂ የሙቀት አይደለም) ከፍ ያደርግና ፒኤቹን 8.2 አካባቢ ይይዘዋል። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣው ውሃ ለስላሳ፣ የአቃቂ ጉድጓዶቹ ደግሞ ጠንከር ያለ ስለሆነ፣ የእያንዳንዱን ሰፈር ውሃ ሳይለኩ ሶዳ መጨመር ልክ አይደለም። ከቆየ ጤነኛ ገንዳ ያመጣውን ስፖንጅም ከታጠበው ጎን አስገባ፤ ባክቴሪያው ቶሎ እንዲተካ የረዳው ይሄ ነው። ምግብ ለአራት ቀን ተከለከለ። ያደጉ ዓሦች ይህን ያህል ጊዜ ያለ ችግር ይጾማሉ፤ ዓርብ ማታ ለቅዳሜና እሁድ ስንቅ መጨመር ያላስፈለገውም ለዚሁ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ለአየር የተለየ ጥንቃቄ ያሻል። በ25 ዲግሪ ውሃ ባሕር ጠለል ላይ በሊትር 8.3 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ በእኛ 2,300 ሜትር ከፍታ 6.2 አካባቢ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ፓምፑ ሲቆም ጉዳቱ ይፈጥናል። ቢሮ ውስጥ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ስላለ 3 ዋት የሚበላውን የአየር ፓምፕ እሱ ላይ መሰካት ነው፤ ማሞቂያውን ግን በፍጹም፣ ባትሪውን ወዲያው ይጨርሰዋል። ጭነት ሲያንስበት ራሱን የሚያጠፋ ዩፒኤስ ስላለ ሶኬቱን ነቅሎ መሞከር ይገባል። መብራቱ ጠፍቶ ቀናት ከቆየ በቻርጅ የሚሠራ ፓምፕ ያስፈልጋል። ፓምፑ ከውሃው ከፍታ በላይ ይቀመጥ፣ ካልሆነም ቱቦው ላይ የማይመልስ ቫልቭ ይግባበት፤ ያለዚያ ፓምፑ በቆመ ቁጥር ውሃው በቱቦው ተስቦ ፓምፑንም ዩፒኤሱንም ያበላሻል።