ሰማይ ላይ የቀረ የመርከብ ገመድ

ዛሬ ምንም የሚያስከፋ ነገር አልተፈጠረም። ግን ከፍቶኛል። ጠዋት መ. ደውላ «ያንን ነገር መቼ ነው የምትጨርሺው?» ስትለኝ «እየነካካሁት ነው» አልኳት። ከዚያ ቁጭ ብዬ የሆላንዳዊውን ሠዓሊ የሄርኩሌስ ሴገርስን የሥዕል ህትመቶች ሳገላብጥ ዋልኩ።

ይሄ ሰውዬ እኮ ያናድደኛል። በ1600ዎቹ መጀመሪያ፣ ተራራ በሌለበት ሆላንድ ተቀምጦ ገደል በገደል የሆነ አገር ይስላል። አልፕስን በዓይኑ ስለማየቱ መረጃ የለም። ድንጋዮቹም ድንጋይ አይመስሉም፤ ድርቆሽ ነው የሚመስሉት። ሁሉም ነጠብጣብና ጭረት ነው። ቀረብ ብለው ሲያዩት አገሩ ይጠፋና ቀለሙ ብቻ ይቀራል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን አስተታተሙ ነው። በዘመኑ ሰው መዳብ ላይ የሚቀርጸው ያንኑ ሥዕል አባዝቶ ለመሸጥ ነበር። እሱ ከአንዱ የመዳብ ሰሌዳ አንዱን በሰማያዊ፣ ሌላውን በአረንጓዴ ያትማል። ሲያሻው ወረቀቱን ቀድሞ ቀለም ይቀባዋል፤ ሲያሻው ወረቀቱን ትቶ ጨርቅ ላይ ያትማል። ካተመም በኋላ አይተወውም፤ በብሩሽ ይመለስበታል፣ ጠርዙን ይቆርጠዋል። ያው ሸለቆ አንዴ ይነጋበታል፣ አንዴ ይመሽበታል። ከ50 በላይ ከሆኑ ሰሌዳዎች የታተሙ 180 ያህል ሥራዎች ዛሬም አሉ። የትኛው ነው «ያለቀው»? እንጃ።

«ዘመኑን የቀደመ አብስትራክት ሠዓሊ»፣ ማለትም የሚታወቅ ነገር ሳይሆን ቀለምና መስመር ብቻ የሚስል፣ ሲሉት አይዋጥልኝም። ሰውዬው አገር እየሳለ ነበር። የትኛውን አገር እንደሆነ ግን ግድ አልሰጠውም።

ታላቁ የሆላንድ ሠዓሊ ሬምብራንት ሳይገባው አልቀረም። በ1656 ዕዳ ውጦት ንብረቱ ሲመዘገብ ቤቱ ውስጥ 8 የሴገርስ ሥዕሎች ተገኝተዋል። አንድ የሴገርስ ሰሌዳም እጁ ገብቶ ነበር። እዚያ ላይ የነበሩትን ጦብያንና መልአኩን ፍቆ የእመቤታችንን ስደት ቀረጸበት። መልክዓ ምድሩን ግን አብዛኛውን እንዳለ ተወው።

ሴገርስ ራሱም የትልቅ መርከብ ሥዕል የቀረጸበትን ሰሌዳ ቆራርጦ ሌላ ሥዕል ሠርቶበታል። አንዳንዶቹ ላይ የመርከቡ ገመዶች ዛሬም ሰማዩ ላይ ተዘርግተው ይታያሉ። ከተራራ በላይ፣ ያለ መርከብ! እንዲያ ሲለፋ የኖረ ሰው ያንን መፋቅ እንዴት አቃተው? ታክቶት ይሆን? ወይስ ገመዱ አምሮበት? ባለሙያዎቹ የፈለጉትን ይበሉ፤ ለእኔ የሚመቸኝ ታክቶት ቢሆን ነው።