እንቦጩን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ግን «ናሙና አምጣ» ተብዬ ነው

ይህን የምጽፈው ለእኔ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው። ድንገት ኃይል ሲመጣባችሁ ሁሉም መካሪ ይሆናል። እናት ጠበል ትላለች። ጓደኛ ቲክቶክ ላይ ውጣ ይላል። ቢሮ ማመልከቻ አስገባ ይላል። «ያነሳኸውን ነገር የት ልታደርገው ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን አታገኙም። ከተማው እስካሁን ሲያየኝ የሚያጉረመርመው በዚህችው ጥያቄ የተነሳ ነው።

ኃይሉ እንዴት መጣ ለምትሉ ባጭሩ ልንገራችሁ። የጀልባ ሹፌር ነኝ፤ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና ወደ ገዳማቱ ሰው አመላልሳለሁ። ክረምት ላይ ፕሮፔለሬ ላይ መረብ ተጠመጠመና ሐይቁ ላይ ቆምኩ። እጄን ነክሬ ስፈታ መብረቅ ውሃውን መታ። ከዚያ ወዲህ ውሃ እጄን ይከተላል። ሳነሳ ይነሳል፣ ስገፋ ይሸሻል። በቃ፣ ይኸው ነው።

እናቴ «ውሃ ለክፎህ ነው» ብላ ጠበል ወሰደችኝ። ጠበሉ ሳይቀዳ ከባልዲው ተነስቶ ወደ እኔ ሲመጣ ሰዉ እልል አለ። እናቴ ደንግጣ በነጠላዋ ሸፍና አስወጣችኝ። በኋላ ማታ ማታ ፊቴን የሸፈንኩት በዚያው ነጠላ ነው።

መጀመሪያ የጀመርኩት በሌባ ነው። ሁሉም በሌባ ነው የሚጀምረው መሰለኝ። ሰው ከግማሽ በላይ ውሃ መሆኑን ትምህርት ቤት ተምሬያለሁ፤ የገባኝ ግን አንድ ስልክ መንታፊ አየር ላይ ሲሮጥ ሳይ ነው። እግሩ ይሮጣል፣ እሱ ግን እዚያው ነው። ስልኩን ተቀብዬ አወረድኩት። ሲወርድ አስመለሰው። በማግስቱ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ከሳሽ ሆነ!

ሌላው ችግር እጄ አይመርጥም። ሌባው ሲነሳ የአካባቢው ውሃ ሁሉ አብሮ ይነሳል። ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ሮቶ ተነስቶ ይወርዳል፣ ቧንቧ ይፈነዳል። አንዲት ጠላ የሚሸጡ እናት በር ላይ ጠብቀው ያዙኝ። «የኔ ልጅ፣ ሌባው ቢበዛ ስልክ ነው የሚወስደው። አንተ ጠላዬን ከነጋኑ ደፋህብኝ» አሉኝ። ምን ይባላል? ከፈልኩ። እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው፤ ኃይላችሁ ከውሃ ጋር ከሆነ ከተማ ውስጥ ሌባ አታባርሩ። ሮቶ ስንት እንደገባ አይታችኋል?

ከዚያ ወደ ሐይቁ ዞርኩ። ክረምት ላይ ዓሣው እንቁላል ሊጥል ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዞች ሲወጣ፣ የወንዞቹ አፍ ላይ የፕላስቲክ መረብ ዘርግቶ የሚጠብቅ አለ። ሌሊት ሌሊት እየሄድኩ መረቡን ከውሃው ጋር አንስቼ ዳር ላይ ማራገፍ ያዝኩ። ይህ ሥራ ያለ ችግር ሄደልኝ። ማንም አልከሰሰኝም፤ ከሳሹ መረቡ የኔ ነው ማለት አለበታ። እዚያው ላይ ብቆም ኖሮ ዛሬ ሰው ሰላም ይለኝ ነበር።

እንቦጩን የጠቆመኝ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አስጋሪ ነው። «አያ፣ እስቲ ከመረቡ ሌላ ምን ላንሳ?» ስለው፣ ወደ ፎገራ ዳርቻ በአገጩ አመለከተኝ። «ያንን አረንጓዴ» አለ።

እንቦጭን የማያውቅ ባሕር ዳር ውስጥ የለም፤ ለሌላው ሰው ግን ትንሽ ልበል። ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ አረም ነው፤ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። ጣና ላይ በይፋ የታወቀው በ2011 እ.ኤ.አ. በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ነው። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ይሆናል። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ትልቅ ዘመቻ ተጀምሮ ገበሬው እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቅሏል። ተመልሶ መጣ። ዘሩ ጭቃ ውስጥ 15 ዓመትና ከዚያም በላይ ተኝቶ መብቀል ይችላል።

እኔን ያጓጓኝ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። እርጥብ እንቦጭ ከመቶ ዘጠና እጁ ውሃ ነው። እንግዲህ አስቡት። ለሌላው ሰው የሚከብደው ለእኔ የሚነሳው ነው። ፎገራ ሄጄ ሞከርኩ። እጄን ቀስ አድርጌ ሳነሳ ኳስ ሜዳ የሚያህል አረም ከነሥሩ፣ ከነወይንጠጅ አበባው፣ ከሥሩ ጥቁር ውሃ እያንጠባጠበ ተነሳ። በሕይወቴ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም።

ወዲያው አንድ ገበሬ ባትሪ ይዞ መጣ። አልደነገጠም። «እርሻዬ ላይ እንዳታራግፈው» አለኝ። ሐይቁ ሲሸሽ የሚለቀው መሬት ለሰዎቹ እርሻና ግጦሽ ነው። «ዳር ላይ ይከመር» የሚባለውን መመሪያ ደግሞ አይተውታል። የተከመረው ሳይደርቅ ክረምት ይደርሳል፣ ሐይቁ ሞልቶ ይመጣና ክምሩን ይወስደዋል፣ አረሙም ያድጋል። ስለዚህ አረሙን ቀስ ብዬ ወደነበረበት መለስኩና መጣያ ቦታ ልጠይቅ ወደ ባሕር ዳር ተመለስኩ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው።

የቢሮውን ስም አልጠራም። ሰውየው ጨዋ ነው፤ ወንበር ሰጥቶኛል።

«ግለሰብ ነዎት ወይስ ማኅበር?»

«ግለሰብ ነኝ።»

«ለግለሰብ አሠራር የለንም። ተደራጅተው ይምጡ።»

«ጌታዬ፣ ኃይሉ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ። ከማን ጋር ልደራጅ?»

አሰበበት። ከዚያ ጣና በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ መመዝገቡን፣ እንዲህ ዝም ብሎ የሚነካ እንዳልሆነ አስረዳኝ። እኔ ደግሞ እንቦጩ ዩኔስኮን አስፈቅዶ እንደገባ ጠየቅኩት። አልሳቀም። በመጨረሻ «ኮሚቴው ካላየ አይወስንም። ናሙና ይዘው ይምጡ» አለኝ።

«ምን ያህል?»

«በቂ የሚሆን።»

«የት ላምጣው?»

«እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ኮሚቴው ይገኛል።»

ይህን ቃል በቃል የጻፍኩት ሰዎች «በኮባ ጠቅልሎ አንድ እግር ይዞ ቢሄድ ምን ነበረበት» ስለሚሉኝ ነው። በቂ የሚሆን ተባልኩ። እኔ ላሳይ የነበረው አረሙን ሳይሆን ሥራውን ነው። አንድ እግር እንቦጭማ ማንም ያነሳል።

ሌሊቱን ሙሉ በጀልባዬ የምሥራቁን ዳርቻ ይዤ፣ አረሙን በአንድ እጄ ከውሃው ትንሽ ከፍ አድርጌ እየጎተትኩ መጣሁ። ሲነጋጋ ባሕር ዳር ደረስኩ። መርከብ ጣቢያው አጠገብ አቆምኩትና ኮሚቴውን ጠበቅኩ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ። የለም። ሦስት ሰዓት ላይ ደወልኩ፣ «መንገድ ላይ ናቸው» ተባልኩ። አራት ሰዓት ላይ «አስቸኳይ ስብሰባ ገቡ»። ክንዴ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ውሃ ማንሳት አያደክምም፤ ይዞ መቆየት ነው የሚገድለው። ይህን ማንም አይነግራችሁም። ሰው ዳር ላይ ተሰብስቦ ፎቶ ያነሳል። ሙሽሮች ሳይቀሩ በአበባው ተነሱ። ከሰዓት ሲሆን ደግሞ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ዞረ። ይህን የጀልባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔም አውቀዋለሁ። የማያውቀው ስብሰባ ላይ ያለ ሰው ነው።

ክንዴ ወረደ። አረሙ ውሃ ላይ ወድቆ ተበታተነ።

መበታተኑ ነው ጣጣው። እንቦጭ በዘር ብቻ አይደለም የሚራባው፤ ከእናቲቱ የተገነጠለች ቅርንጫፍ ራሷን ችላ ታድጋለች። ግማሹ መርከብ ጣቢያውን ሞላው። ወደ ዘጌ ሊወጡ የነበሩ ጀልባዎች ፕሮፔለራቸው ታንቆ ቆሙ፤ የሥራ ጓደኞቼ ናቸው፣ አንዳንዶቹ አሁንም አያናግሩኝም። የደንገል ታንኳ የሚቀዝፉት መሃል ላይ ተያዙ። ቀሪው በነፋሱ ወደ ዓባይ መውጫ፣ ውሃውን ወደሚቆጣጠረው የጨረጨራ ግድብ ሄደ። እዚያ ያሉት ጉማሬዎች ግር አላቸው። አንዱ አረሙን እየገፋ ሄዶ ሄዶ ሰው ቡና የሚጠጣበት ዳርቻ ላይ ብቅ አለ። ግንባሩ ላይ እንቦጭ ተንጠልጥሏል፣ አበባው በግራ ጆሮው በኩል ወጥቷል። እሱ አፉን ሲከፍት ሰዉ ከነበርጩማው ተነሳ።

ልሰበስበው ብዬ ሁለቱንም እጄን አነሳሁ። ይህንን በፍጹም አታድርጉ። በዙሪያው ካፌዎች የነበረ ማኪያቶ በሙሉ ከስኒው ወጣ። ሻዩም። ጀበና ውስጥ ያለው ቡናም በአፉ በኩል ወጥቶ ከምታፈላዋ ልጅ ፊት ለፊት ቆመ፤ ደግነቱ አልነካትም። ሐይቁ ዳር የነበረው ውሃ ሲሸሽ ጀልባዎቹ ጭቃ ላይ ተቀመጡ። ሰዉ «የጨረጨራ በር ተከፈተ!» እያለ ጮኸ። በ1996 እ.ኤ.አ. ከተሠራ ጀምሮ ሐይቁ በቀነሰ ቁጥር የሚወቀሰው እሱ ስለሆነ ለጊዜው እኔን ያየኝ የለም። ለጊዜው።

ከዚያ በኋላ የከተማው ወጣት፣ ተማሪው፣ ዓሣ አስጋሪው ወጥቶ በእጁ ለቀመው። እኔም ጀልባዬ ላይ ሆኜ ለቀምኩ፤ እጄን እንዳላነሳ በገመድ አስሬ። ሲያልቅ ኮሚቴው መጣና ፎቶ ተነሳ።

በሳምንቱ ደብዳቤ ደረሰኝ። «ማንነቱ ያልታወቀ ግለሰብ» ያለ ፈቃድ ተዛማች አረም ማጓጓዙን ይገልጻል። አድራሻው ላይ ግን ስሜ ከነአያቴ ተጽፏል። «ናሙና አምጣ» ያለኝን ሰው ላገኘው ሄድኩ። ሌላ ክፍል ተዛውሯል። አዲሱ ሰው «በጽሑፍ የተሰጠዎት ነገር አለ?» አለኝ። ምን ልበለው?

ስለዚህ ከቢሮ የሚሰጣችሁን ማንኛውንም ነገር በጽሑፍ ተቀበሉ። «በቂ የሚሆን» የሚል ቃል አትቀበሉ፤ በኪሎ ይጻፍ፣ ማኅተም ይመታበት። ኮሚቴው ካልመጣ ጠዋቱን ይዛችሁ ተመለሱ፤ ይሉኝታ ይዟችሁ እስከ ከሰዓት አትቁሙ። ኮሚቴ ስብሰባ ከገባ ገባ ነው።

ስለ እንቦጩ ደግሞ ከመመሪያው የተለየ ነገር ነው የምላችሁ። አረሙን አታንሱት፤ ውሃውን ነው መያዝ። እኔ አሁን የማደርገው እንደዚያ ነው። የፎገራ ሰዎች ሲጠሩኝ ሄጄ ውሃውን ከዳር ወደኋላ እገፋላቸዋለሁ። አረሙ ጭቃው ላይ ይተኛል። እነሱ ከነሥሩ ሳይገነጥሉ ነቅለው፣ ክረምት ሐይቁ ከሚደርስበት መስመር ርቀው ከፍታ ላይ ያደርቁታል። አድካሚ ነው። ቪዲዮ ላይ አያምርም። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ስላለ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ትደግሙታላችሁ። ግን አይበተንም።

አዎ፣ እዚያ የምገፋው ውሃ ሐይቁ ውስጥ ነው የሚቀረው። ባሕር ዳር ዳርቻው ላይ ያሉ ካፌዎች በዚያ ቀን የፊት ረድፍ ወንበራቸው ይረጥባል። ባለቤቶቹን ቀድሜ እደውልላቸዋለሁ። ግማሾቹ «እሺ ወንድሜ፣ በርታ» ይላሉ። ግማሾቹ ስልክ ይዘጉብኛል። ቢሮው ይህን ሥራዬን አያውቅም፤ እባካችሁ እንዳትነግሩት፣ ናሙና ይለኛል።

አሁን የቀረው የገንዘቡ ጉዳይ ነው። እንቦጩን ለለቀሙት ሰዎች የተገዛውን ምሳና ውሃ እንድከፍል ተጠይቄያለሁ። ለሰዎቹ ከሆነ ደስ ይለኛል፤ በእኔ ምክንያት ነው የደከሙት ከተባለም ግድ የለም። ዝርዝሩን ሳየው ግን የኮሚቴው አበልም ገብቶበታል። ምሳውን እከፍላለሁ፣ አበሉን አልከፍልም፣ ለከፈልኩትም ደረሰኝ ይቆረጥልኝ አልኩ። ካሸሪዋ የደረሰኝ ጥራዙ አልቋል አለችኝ። ሰኞ ተመለስ ተብያለሁ።