አፍዎን ብቻ ቢያንቀሳቅሱስ?

ነገሩ ከተፈጸመ ሦስት ሳምንት አልፎታል። በእነዚህ ሦስት ሳምንታት ውስጥ ጥርሴን ስቦርሽ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ስቆም፣ አንድ ቀንም ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ንፍሮ እየቆረጠምሁ ሳለ የአንዲት የ13 ዓመት ልጅ ትሕትና የተሞላበት ድምፅ ጆሮዬ ላይ እየመጣ «ጋሼ፣ እርስዎ አፍዎን ብቻ ቢያንቀሳቅሱስ?» ይለኛል። ብትሰድበኝ ኖሮ ለወላጆቿ ነግሬ እገላገል ነበር። ነገር ግን «እርስዎ» ብላ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ ማንም እንዳይሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የነገረችኝን ምክር ለማን ከስሼ ልገላገል?

እኔ ወጣቶችን የኅብረት ዝማሬ የሚያስተምር አንድ አነስተኛ የበጎ አድራጎት ድርጅት እመራለሁ። እመራለሁ ስል ደብዳቤ እፈርማለሁ፣ አዳራሽ እለምናለሁ፣ ሪፖርት እጽፋለሁ ማለቴ ነው እንጂ፣ ከልጆቹ ፊት ቆሞ እጁን የሚያወዛውዘው ሙዚቃ ተምሮ የተመረቀ ወጣት መምህራችን ነው። ልጆቹ 40 ሲሆኑ አብዛኞቹ ከሽሮ ሜዳና ከአካባቢው ይመጣሉ። በየዝግጅቱ ከመድረኩ በስተጀርባ የምንሰቅለው አንድ ባነር አለን፤ በላዩም ላይ በእኔ አርቃቂነትና በእኔው አጽዳቂነት፣ ከሩቅ በሚታይ ቀይ ፊደል «ድምፅ የሌለው ሰው የለም» ተብሎ ተጽፏል።

እግረ መንገዴን አንድ ቅሬታ ላሰማ። የምንሠራውን ሥራ ሰው ሳይቆጣ የሚጠራበት ቃል በአማርኛ አላገኘሁለትም። «መዝሙር እናስተምራለን» ስል «የየትኛው ቤተ ክርስቲያን ናችሁ?» እባላለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱትም መስጊድ የሚሄዱትም ልጆች አብረው እንደሚቆሙ ሳስረዳ ደግሞ ጥርጣሬው ይብሳል። «ዘፈን» ያልሁ እንደሆነ እናትየው የልጇን እጅ ይዛ በመጣችበት እግሯ ትመለሳለች። «ኳየር» ስል ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለሳለን። ብሔራዊ መዝሙርም እኮ መዝሙር ነው፣ ቤተ ክርስቲያንም የለውም ብዬ ከአንድ አባወራ ጋር ግማሽ ሰዓት ተከራክሬ፣ በመጨረሻ «ታዲያ ለምን ባንዲራ አትሰቅሉም?» ተብያለሁ። አሁን ለሁሉም «ልጆቹ ድምፅ ያሰማሉ» እላለሁ፤ ሰው ተቃውሞ ሰልፍ እየመሰለው ቢሆንም እስካሁን ልጁን ያስቀረ የለም።

ወደ ጉዳዩ ልመለስ። የኅብረት ዝማሬ ከቀጭኑ ወደ ወፍራሙ በአራት ድምፅ ይከፈላል፤ ሶፕራኖ፣ አልቶ፣ ቴኖርና ባስ። እያንዳንዱ ክፍል የየራሱን ዜማ ይዞ ስለሚሄድ መጀመሪያ የሰማው ሰው ግር ይለዋል። በአንድ ልምምድ ላይ የተገኙ አንዲት እናት ጠጋ ብለው «ልጆቹ ተኳርፈው ነው እንዴ አንድ ላይ የማይሉት?» ብለው ጠይቀውኛል። ከአራቱ ሁሉ ሁልጊዜ የሚጎድለን ባስ ነው። ባስ የሚሆኑት ድምፃቸው የጎረመሰ ወንዶች ናቸው፤ የጎረመሰ ልጅ ደግሞ ወይ ፈተና አለበት፣ ወይ ኳስ አለበት፣ ወይ ሶፕራኖ መስመር ላይ የቆመች አንዲት ልጅ እያየች አፉን መክፈት ያፍራል። የዓመቱ ዝግጅታችን አራት ቀን ሲቀረው ሁለት ባሶች በፈተና ምክንያት ቀሩ። በዚህ ጊዜ ነው እኔ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ኮቴን አውልቄ ከባሶቹ ጎን የቆምሁት። መምህሩ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፍቶ ነበር፤ የደመወዙን ወረቀት የምፈርመው እኔ መሆኔ ትዝ ስላለው ይመስለኛል መልሶ ዘጋው።

በዋዜማው ምሽት ልምምድ ላይ እንዳለን መብራት ጠፋ። ኪቦርዱ ዝም አለ፤ መምህሩ ግን «በጨለማ መለማመድ ጆሮን ያሰላል» ብሎ ቀጠለ። የያዝነው ዜማ በትዝታ ቅኝት የተሠራ ነበር። ይህ ቅኝት አምስት ድምፆች አሉት፤ በመምህራችን አጠራር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል እና ላ። ኢትዮጵያውያን በእነዚህ በአምስቱ ስንት ዘመን ሲያለቅሱና ሲያስለቅሱ ኖረዋል፤ አንድም ሰው አነሰኝ ብሎ አያውቅም። እኔ በዚያች ሌሊት ስድስተኛውን አገኘሁ።

መምህሩ አጨብጭቦ አስቆመን። «ፋ የሚል ማነው?» አለ በጨለማው ውስጥ። «እዚህ ዜማ ውስጥ ፋ የለም።» ማንም አልመለሰም። እኔም እንደ መሪነቴ ቆጣ ብዬ «አዎ፣ ማነው?» አልሁ። ከምሬ ነው፤ በዚያ ሰዓት ጥርጣሬዬ ከጎኔ በቆመው፣ ድምፁ በክረምቱ ከሶፕራኖ ወደ ባስ በወረደው ልጅ ላይ ነበር፤ እንዲያውም በክርኔ ጎሸም አድርጌዋለሁ። እንደገና ጀመርን፤ ፋው እንደገና መጣ። መምህሩ ባሶች ብቻ እንድንቀጥል አዘዘ፤ ከዚያም ድምፁ ከየት በኩል እንደሚመጣ በጆሮው እየለየ አንድ በአንድ «አንተ ተው፣ አንተ ተው» እያለ ቀነሰን። ቀስ በቀስ ጸጥታው ወደ እኔ እየቀረበ ሲመጣ ይታወቀኝ ነበር፤ ግን አንድ መሪ ከመሐል ያቋርጣል? ዓይኔን ጨፍኜ፣ ደረቴን ነፍቼ ያችኑ ድምፅ ይዤ ቆየሁ። መብራቱ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ዓይኔን ስገልጥ 38 ልጆችና አንድ መምህር ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው ቆመዋል፤ ከኋላዬ ባነሩ ተሰቅሏል።

ልጅቷ ጠጋ ያለችኝ ልምምዱ አልቆ ወንበር ስንደራርብ ነው። አልቶ ናት፤ አባቷ ሽማኔ ናቸው፤ ቤተሰቧ ከዶርዜ ነው። የዶርዜ ሰዎች ያለ ኪቦርድና ያለ ወረቀት በብዙ ድምፅ ተከፋፍለው ሲያዜሙ የኖሩ መሆናቸውን የውጭ ተመራማሪዎች ሳይቀሩ መጥተው ቀርጸውታል። እኔ ደግሞ በየዓመቱ በምጽፈው የድጋፍ ጥያቄ ላይ «በብዙ ድምፅ ማዜምን ለአካባቢው ወጣቶች እናስተዋውቃለን» እላለሁ፤ አያቷ ቢያነቡት ምን ይሉኝ እንደነበር እንጃ። ልጅቷ ከቦርሳዋ በናፕኪን የተጠቀለለ አንድ ቁራጭ ዝንጅብል አውጥታ በሁለት እጇ ሰጠችኝ፤ ቀጥላም ያችን ዓረፍተ ነገር ተናገረች። አመስግኜ ተቀበልሁ። ምን እንደተቀበልሁ የገባኝ ቤቴ ስደርስ ነው።

ዝንጅብሉ እንቅልፍ ነሳኝ። እኔ ብቻ ዝንጅብል የተሰጠኝ በሽተኛ ሆኜ እንዳልታይ በማግስቱ ማለዳ ከጉልት ግማሽ ኪሎ ገዛሁና 39 ቦታ ቆራርጬ ለሁሉም አደልሁ። ከዚያ ሒሳብ ሹሟ መጣች። መጀመሪያ ደረሰኝ ጠየቀች፤ የጉልቷ ሴትዮ ደረሰኝ የላቸውም። ቀጥሎ ወጪው የፕሮግራም ነው ወይስ አስተዳደራዊ ብላ ያዘችኝ፤ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት አስተዳደራዊ ወጪያችን ከገቢያችን 20 በመቶ መብለጥ የለበትምና። እሷ እንደምትለው ልጅ የበላው ዝንጅብል የፕሮግራም ነው፤ ሥራ አስኪያጅ የበላው አስተዳደራዊ ነው። እኔ ግን በዚያ ሰዓት ባስ እንጂ ሥራ አስኪያጅ አልነበርሁም ብዬ ሞገትሁ። «ዘምረዋል እንዴ?» አለችኝ፤ ወሬው ቀድሞ ደርሷት ኖሯል። ወረቀት አውጥቼ አሰላሁት፤ ከ39 ቁራጭ አንዱ የእኔ ቢሆን ከመቶ ሦስት እንኳ አይሞላም። ሕጉ በዝንጅብል ቢተረጎም እኔ ብቻዬን እስከ ሰባት ቁራጭ የመብላት መብት ነበረኝ! ሒሳብ ሹሟ ስሌቱን ካየች በኋላ ቀና ብላ፣ ልጅቷ በዋዜማው የሰጠችኝ ቁራጭስ በዓይነት የተገኘ ድጋፍ ስለሆነ ዋጋው ተተምኖ ገቢ ሊሆን አይገባም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የዚያን ቀን ዝንጅብሉን ከኪሴ ከፈልሁ።

በዝግጅቱ ላይ አፌን ብቻ አንቀሳቀስሁ። ለአርባ ደቂቃ ያህል፣ አንድም ድምፅ ሳላወጣ፣ ቅንድቤን ሳይቀር እያነሳሁና እያወረድሁ ሠራሁ። ልጆቹ ግሩም ነበሩ፤ ይህን ስናገር ቅር እያለኝ ነው፤ ምክንያቱም ከዋዜማው ይልቅ ግሩም የሆኑበትን ምክንያት አዳራሹ ውስጥ ከነበረው ሰው 39ኙ በደንብ ያውቁት ነበር። ስንወርድ አንድ ተጋባዥ እንግዳ እጄን ጨብጠው «የእርስዎ ድምፅ ለብቻው ይሰማኝ ነበር» አሉኝ። ከጎኔ የቆመው ያ በክርኔ የጎሸምሁት ልጅ ሳል ያዘው።

ባለፈው ሳምንት የዓመቱን ሪፖርት ለድጋፍ ሰጪያችን ልንልክ ስንሰናዳ፣ በቅጹ መጨረሻ ላይ «በፕሮጀክቱ ለውጥ ያሳየ የአንድ ተጠቃሚ ታሪክ፣ በወጣቶቹ ቋንቋ» የሚል ክፍል ነበረ። ለልጆቹ ሰጥቻቸው እነሱ መክረው ያችን አልቶ መረጡ፤ እሷም በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ አንድ ገጽ ሞልታ አመጣች። ታሪኩ የሚጀምረው እንዲህ ነው፦ «ጋሼ መጀመሪያ ወደ እኛ ሲመጡ ማዳመጥ አይችሉም ነበር። አሁን በአራት ቀን ልምምድ ብቻ ሙሉ ዝግጅት ዝም ብለው መጨረስ ችለዋል።» ቀኑ የመጨረሻው ቀን ስለነበር፣ ሌላ የሚጽፍ ልጅም ስላልተገኘ፣ ፈርሜ ማኅተም አድርጌበት ላክሁት።