የባነሩ ወገብ

ሰው ሲከሳ ከእናቱም ቀድሞ የሚያውቀው ልብስ ሰፊው ነው። እናት ልጇን በየቀኑ ስለምታየው ለውጡ ቀስ እያለ ከዓይኗ ያመልጣል። እኛ ግን የለካነውን ከሳምንታት በኋላ መልሰን እንለካለን፤ ሜትር ደግሞ ይሉኝታ አያውቅም።

እኔ ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የባህል ልብስ ቤት የስፌት ክፍሉን እመራለሁ። የሙሽራና የሚዜ ቀሚስ፣ የምርቃት ልብስ፣ ለፍቼ ጨምበላላ የሚዘጋጀው ሁሉ በእኛ መቀስ ሥር ያልፋል። ይህን ገጠመኝ የምጽፈው የሙያ ባልደረቦቼና ልጆቻቸውን ለሞዴልነት የሚልኩ ወላጆች እንዲያነቡት ፈልጌ ነው።

ከፋሲካ በኋላ በከተማችን አንድ ሆቴል ውስጥ የፋሽን ትርኢት ሊቀርብ ታስቦ አዘጋጁ ከእኛ ዘንድ ቀሚሶች አዘዘ። ሞዴሊስቶቹን የመረጠው እሱ ነው። ከመካከላቸው ቁመቷ 1 ሜትር ከ75 የሆነ፣ አንገቷ መለሎ፣ አረማመዷ ዓይን የሚስብ አንዲት የኮሌጅ ተማሪ ነበረች። መጀመሪያ ስለካት ወገቧ 65 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ለዚያ ቁመት ቀጭን የሚባል ነው፤ ነገር ግን ቅጥነቱ የተፈጥሮዋ ነበር። ጉንጯ ሞላ ያለ፣ እጇ ሙቅ፣ ሳቋ ከሱቁ በር ላይ የሚሰማ ልጅ ነበረች። «እትዬ፣ እኔ እኮ እንጀራ ስበላ አላቆምም፤ የት እንደሚገባ አላውቅም» ስትለኝ ትዝ ይለኛል።

ለማስታወቂያ የተመረጠው የእሷ ፎቶ ነው። የእኛን ቀሚስ ለብሳ ተነሳች፤ ብዙም ሳይቆይ ከገብርኤል አደባባይ ወረድ ብሎ ትልቅ ባነር ተሰቀለ። አነስ ያለው ቅጂ ደግሞ በእኛ ሱቅ በር ላይ እንዲቆም መጣልን። ቀሚሱ የእኛ ነው፤ ፊቷም የራሷ ነው። ወገቡ ግን አጠራጠረኝ።

ሜትሬን አውጥቼ ለካሁት። የቀሚሱን የታችኛውን ጥለት የገጠምኩት ራሴ ስለሆንኩ ቁመቱ 20 ሴንቲ መሆኑን አውቃለሁ። ፎቶው ላይ 15 ሴንቲ ሆኗል፤ ፎቶው ከእውነተኛው በሩብ ያነሰ ነው ማለት ነው። ወገቧ ፎቶው ላይ ከጎን እስከ ጎን 13 ሴንቲ ተኩል ነበር፤ በዚያው ሂሳብ ሲመለስ 18 ይመጣል። የልጅቷ ትክክለኛ የፊት ስፋት ግን 24 ነው። ፎቶውን ያስተካከለው ሰው በኮምፒውተር ከግራ ሦስት፣ ከቀኝ ሦስት ሴንቲ ሜትር ሰውነት ቆርጦ ጥሏል። ዙሪያው ሲታሰብ 50 ሴንቲ እንኳን የማይሞላ ወገብ ነው። ስንት ዓመት ስለካ እንዲህ ያለ ወገብ ያገኘሁት ሕፃናት ላይ ብቻ ነው። ጥለቱን፣ አንገትጌውን፣ ፀጉሯን ማንም አልነካቸውም፤ የተነካው ሰውነቷ ብቻ ነው።

አዘጋጁ ሥራውን ሊያይ ሲመጣ ልጅቷ ቀሚሱን ለብሳ መስታወቱ ፊት ቆማ ነበር። ዞር ዞር ብሎ አያት።

«እትዬ፣ ወገቡ ባነሩ ላይ እንዳለው አልሆነም፤ ትንሽ ያጥብቡት።»

«ባነሩ ላይ ያለው ወገብ የእሷ አይደለም ወንድሜ። ከልኳ በታች አላጠብም» አልኩት።

«ልብስ የሚያምረው ቀጭን ሰው ላይ ነው። በውጭም የሚሠራው እንዲህ ነው» ብሎ ወደ እሷ ዞረና «አንቺም እስከ ትርኢቱ ድረስ ባነሩን ምሰይልኝ» አላት። በክፋት የተናገረው አይመስለኝም፤ ፈገግ እያለ ነው ያላት። እሷም ፈገግ አለች።

በሁለተኛው ልኬት ወገቧ 61 ሆነ። ምነው ብላት «ሁዳዴ አይደል እትዬ» አለችኝ። እኔም ጿሚ ነኝ። ሽሮውም ምስሩም በእንጀራ ሞልቶ ይበላል፤ ጾም የሚፈታበት ሰዓት አለው። እሷ ግን ዘጠኝ ሰዓት አልፎ የሥራ ባልደረቦቼ ምሳ ዘርግተው ኑ ብሉ፣ ነይ ቅመሺ ሲባባሉ ስልኳን እያየች ጥግ ይዛ ትቀመጣለች። አንዷ ልታጎርሳት ስትጠጋ እጇን ገፋችባት። በእኛ አገር ጉርሻ የሚገፋ ሰው አኩርፏል ወይም ታሟል። አዘጋጁን ደውዬ ልጅቷ እየተጎዳች መሆኗን ነገርኩት፤ «ጾሙ ነው፣ በፋሲካ ትመለሳለች» አለኝ። ለልብስ ቤቱ ባለቤትም ነገርኳት፤ ከሚቀጥለው ልኬት በኋላ እናቷን ጠርተን እናነጋግር ተባባልን።

ሦስተኛው ልኬት በሐዋሳ የመጋቢት ሙቀት፣ ቀትር ላይ ነበር። ልጅቷ ወፍራም ሹራብ ደርባ መጣች። ሹራቡን ስታወልቅ ክንዷ ላይ እንደ አራስ ልጅ ፀጉር ያለ ስስ ጸጉር በቅሎ አየሁ። ሰውነት ስቡን ሲጨርስ ራሱን ለማሞቅ የሚያበቅለው መሆኑን ኋላ ሐኪሙ ነው ያስረዳኝ። እጇን ስይዘው ቀዝቅዟል። ሜትሩን በወገቧ አዞርኩት፤ 58። ከኋላዋ ሆኜ ትርፉን ጨርቅ በመርፌ እየያዝኩ ሳለ ትከሻዋ ከእጄ ላይ ሸሸ። መስታወቱን ልትደገፍ እጇን ዘረጋችና ሳትደርስበት ወደቀች።

ባጃጅ አስቁመን ወደ ጤና ተቋም ወሰድናት። የደም ስኳሯም የደም ግፊቷም ወርዶ ተገኘ። ሲመዝኗት 47 ኪሎ ሆነች። ሐኪሙ ክብደቷን ለቁመቷ ስኩዌር አካፍሎ 15.3 የሚል ቁጥር ጻፈ። ይህ ቢኤምአይ የሚባለው መለኪያ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ምደባ ከ18.5 በታች የክብደት ማነስ ነው፤ ከ16 በታች ደግሞ የከፋ ቅጥነት። ለእሷ ቁመት ትንሹ ጤናማ ክብደት 57 ኪሎ ገደማ ነው። «ሰውነት ምግብ ሲያጣ ጡንቻውን ይበላል፤ ልብም ጡንቻ ነው» አለን ሐኪሙ። በደም ውስጥ ያለው ፖታሲየም ሲዛባ የልብ ምት እንደሚዛባ፣ አንዳንዱ ሰው ያለ ማስጠንቀቂያ እንደሚሄድም ነገረን።

እናቷ ነጠላዋን እንኳን በወጉ ሳትለብስ ደረሰች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የልጇን እግር እያሻሸች «ጾመኛ ልጅ ሰጠኸኝ እያልኩ ሳመሰግን ነበር እኮ» አለች። በዚህ ሁሉ ነገር ውስጥ እንደዚህ ቃል ልቤን የነካው የለም። ለእሷ ትውልድ «ምነው ከሳሽ?» የሐዘኔታ ጥያቄ ነው፤ ልጇ ዘንድ ግን ይኸው ጥያቄ ሙገሳ ሆኖ ቆይቷል። አንድ ቤት እየኖሩ ምን ያህል ተራርቀው እንደነበር ሁለቱም ያወቁት ያን ቀን ነው።

«በውጭም የሚሠራው እንዲህ ነው» ለሚለው መልስ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2006 ሉይሴል ራሞስ የምትባል ኡራጓያዊት ሞዴሊስት ሞንቴቪዴዮ ውስጥ በትርኢት ላይ ሳለች በ22 ዓመቷ ልቧ ቆሞ ሞተች። በዚያው ዓመት ብራዚላዊቷ አና ካሮሊና ረስተን 40 ኪሎ ገደማ ሆና በ21 ዓመቷ አረፈች። ሉይሴል ከሞተች ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ እህቷ ኤሊያና፣ እሷም ሞዴሊስት፣ በ18 ዓመቷ ተከተለች። በዚሁ በ2006 የማድሪድ የፋሽን ሳምንት ቢኤምአይዋ ከ18 በታች የሆነች ሞዴሊስት መድረክ እንዳትወጣ ከለከለ። እስራኤል በ2012 ዝቅተኛውን ልክ 18.5 አድርጋ በሕግ ደነገገች። ፈረንሳይ ከ2017 ጀምሮ ሞዴሊስት የሐኪም ማረጋገጫ እንዲኖራት ታስገድዳለች፤ ያለዚያ ያሠራ ሰው እስከ 75,000 ዩሮ መቀጮና እስከ ስድስት ወር እስራት ይጠብቀዋል። በኮምፒውተር ቀጥኖ ወይም ወፍሮ የወጣ የማስታወቂያ ፎቶም መስተካከሉ እላዩ ላይ መጻፍ አለበት፤ ኖርዌይም ከ2022 ወዲህ ተመሳሳይ ሕግ አላት። እንግዲህ «ውጭ» የሚባለው ልጆቹን ቀብሮ የተማረውን ነገር እኛ ገና ልንጀምረው ነው።

በማግስቱ አዘጋጁ ደወለ። አስቀድሞ ስለ ጤናዋ ጠየቀኝ፤ ያንን አልክድም። ቀጥሎ ግን «ልብሱ ዝግጁ ስለሆነ ያ ልክ የሚሆናት ሌላ ልጅ እናምጣ» አለ። የችግሩ ሥር ያለው እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሥሩም የእኛ የስፌት ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ነው። በትልልቆቹ የፋሽን ቤቶች ለትርኢት የሚዘጋጀው የናሙና ልብስ ሞዴሊስቷ ሳትመረጥ በአንድ ቁጥር ተሰፍቶ ያልቃል፤ ቁጥሩም ትንሽ ነው። ከዚያ በኋላ ልብሱን እንደገና መስፋት ውድ፣ ልጅቷን መቀየር ርካሽ ይሆናል። ኤልቪኤምኤችና ኬሪንግ የተባሉት የፈረንሳይ ኩባንያዎች በ2017 በፈረንሳይ አለካክ 32 የሚባለውን በጣም ትንሽ ቁጥር የሚለብሱ ሴቶችን ላለመቅጠር ሲስማሙ የተነሡት ከዚሁ ከልብሱ ቁጥር ነው።

ከዚህ ቤት በፊት በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ጥራት ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ገዢው ከባሕር ማዶ የልክ ሰንጠረዥ ይልካል፤ አንዱ ቅድ በየቁጥሩ እየሰፋ ይሄዳል፤ ስፌቱ አልቆ ካርቶን ውስጥ ሲታሸግ ደግሞ በብዛት የሚታዘዘው መካከለኛና ትልቁ ነው፤ ትንሹ ቁጥር ጥቂት ነው። ሲዳማና ወላይታ ያደጉ እህቶቼ ማሽን ላይ ጎንበስ ብለው የሚሰፉት ሸሚዝ ደረቷ ሰፊ፣ ሆዷ ገፋ ያለ፣ ክንዷ የደነደነ ሴት እንደምትለብሰው እጃቸው ያውቀዋል። ማስታወቂያው ላይ ግን ያቺ ሴት የለችም። ገንዘቡን የምትከፍለው እሷ ሆና ሳለ ምስሉ ከእሷ ተደብቆ የሚኖርበትን ምክንያት እስከ ዛሬ የሚያስረዳኝ ሰው አላገኘሁም።

ለልብስ ቤቱ ባለቤት ይህን ሁሉ ነገርኳት። እሷም ሳታመነታ «ቀሚሶቹ የእኛ ናቸው፤ የሚለብሳቸውን ሰው ለክተን እንሰፋለን፣ አለዚያ አንሰጥም» ብላ ለአዘጋጁ ነገረችው። በሩ ላይ የቆመውን ፎቶ ያን ቀን አነሣን። የአደባባዩን ባነር ግን አዘጋጁ ተከፍሎበታል ብሎ አላወረደውም። ሌሎቹን ልጆች እንደገና ለካኋቸው፤ ከሁለት ልጆች በቀር ሁሉም ከመጀመሪያው ልካቸው ወርደው ነበር። ስፌቱ ውስጥ የተውነው ትርፍ ጨርቅ ስላለ ቀሚሶቹን ፈታን፣ አሰፋን። ከደንበኞቻችን መካከልም በቅርቡ የወለደች እናትና አንዲት ደልደል ያለች መምህርት መድረክ ላይ እንዲወጡ ጠየቅናቸው። መምህርቷ ስትወጣ ከኋላ ረድፍ ሴቶች እልል አሉ። በቀጣዩ ሳምንት የእሷን ዓይነት ቀሚስ ያዘዙን ሴቶች ከሌላው ሁሉ በልጠው ነበር።

ልጅቷ ትርኢቱ ላይ አልነበረችም። እናቷ ለፋሲካ ዶሮውን ሠርታ አጥግባ ልታበላት ተዘጋጅታ ነበር፤ ሐኪሙ ግን ከለከለ። ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ ከበላ በደሙ ውስጥ ያሉት ንጥረ ነገሮች ተዛብተው ልቡን ሊያቆሙት ስለሚችሉ ምግቡ በጥቂት በጥቂቱ፣ በክትትል እንዲጨመር አዘዘ። የእናትን እጅ ከመሶቡ ላይ መያዝ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እዚያ ቤት ሄጄ አይቻለሁ። ከሰውነቷ ይልቅ የዘገየው ሐሳቧ ነው። የአእምሮ ጤና ባለሙያ ዘንድ መመላለስ ጀመረች፤ መስታወት ፊት ስትቆም ዛሬም ባነሩ ላይ ያለችው ልጅ እንደምትመጣባት ነግራኛለች። ትምህርቷን ቀጥላለች።

አሁን ቤታችን ለትርኢትና ለማስታወቂያ ልብስ ከመስጠቱ በፊት የሚያስፈርመው ውል አለ። ልብሱ የሚቀደደው ለባሿ ከተለካች በኋላ ነው። በልኬቶች መካከል ወገቧ ከሦስት ሴንቲ በላይ የቀነሰ እንደሆነ ሥራው ይቆማል፤ ለቤተሰቧም ይነገራል። ሐኪም ያየበት ወረቀት ይቀርባል። የፎቶው ብርሃን ይስተካከላል እንጂ ሰውነት አይነካም። ያው አዘጋጅ ዘንድሮ ተመልሶ መጥቷል። ስለ ልኬቱና ስለ ፎቶው ያሉትን ነጥቦች ተስማምቷል፤ የሐኪም ወረቀቱን ግን ወጪ ያበዛብኛል ብሎ እንድናነሣለት እየለመነን ነው። ወጪውን ከእኛ ጋር እኩል እንዲካፈል አቅርበንለታል። እስኪፈርም ድረስ ጨርቁ አይቀደድም።