ሁለት ፊልም ሳወዳድር የባከነብኝ ሦስት ሳምንት

የመመረቂያ ጽሑፌ የጃፓኑን «ኢኪሩ» (1952 እ.ኤ.አ.) እንግሊዞች «ሊቪንግ» ብለው እንደገና ከሠሩት (2022) ጋር የሚያወዳድር ነበር። ፊልሞቹን ማየትና ማስታወሻ መያዝ አያስቸግርም።

የተበላሸው ከዚያ በኋላ ነው። አማካሪዬ «አንድነትና ልዩነታቸውን በሰንጠረዥ አስቀምጥ» አሉኝ። ታዘዝኩ። ቶኪዮ፣ ለንደን። የዳይሬክተሩ የኩሮሳዋ ዋና ገጸ ባሕርይ ዋታናቤ፣ ተዋናዩ ቢል ናይ የሚጫወተው ዊሊያምስ። በረዶ እየወረደ ዥዋዥዌ ላይ የሚዘፈነው የጃፓን ዘፈን፣ በእሱ ቦታ የስኮትላንድ ዘፈን። 143 ደቂቃ፣ 102 ደቂቃ። ሦስት ሳምንት ሳጥን ስሞላ ከረምኩ። ምንም አልገባኝም።

በጣም የሚቆጨኝ የሐኪሙ ትዕይንት ነው። ዋታናቤ የጨጓራ ካንሰር ይዞታል። ሐኪሙ ግን ቀላል ቁስለት ነው፣ ያሻህን ብላ ይለዋል። እውነቱን የሚረዳው አብሮት ተራ ይጠብቅ የነበረ በሽተኛ «እንዲህ ካሉህ አለቀ» የሚል ነገር ቀድሞ ስለነገረው ነው። ለንደን ላይ ሐኪሙ ለዊሊያምስ ስድስት ወር ገደማ እንደቀረው ፊት ለፊት ይነግረዋል። እኔ ሰንጠረዡ ላይ «የጃፓኑ ትዕይንት አሳማኝ አይደለም» ብዬ ጻፍኩ።

ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አባቴ ሲታመም ሐኪሙ የነገረው ለእኛ ነው። አክስቴ «እንዳትነግሩት፣ ተስፋ ይቆርጣል» አለችን። እስኪያርፍ ድረስ «ጨጓራ ነው» ስንለው ኖርን።

ይህ ትዝ ሲለኝ ሌሊት ተነስቼ ሁለቱንም እንደገና አየኋቸው። ለካ እንግሊዞቹ ዝምታውን አላጠፉትም፤ ቦታውን ነው የቀየሩት። ሐኪሙ ይናገራል፣ ከዚያ ዊሊያምስ ለገዛ ልጁ መናገር ያቅተዋል። ብቻውን ሆኖ ይለማመደዋል፣ ልጁ ፊት ሲደርስ ይውጠዋል።

ይህን ከአባቴ ታሪክ ጋር ጽፌ ሰጠሁ። አማካሪዬ የአባቴን ክፍል በቀይ ሰረዙት። «የግል ጉዳይ ነው፤ ከፊልሙ አትውጣ» አሉኝ። ሳልከራከር አወጣሁት። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ፊልሙን የገለጠልኝ እሱ ነበር።

እናንተ ሰንጠረዥ ብትጠየቁም መጨረሻ ላይ ሥሩት። መጀመሪያ አንድ ትዕይንት ያዙና «እኛ ቤት ቢሆን ይህን ማን ለማን ይናገር ነበር?» በሉ። «ምሥራቅ» እና «ምዕራብ» የሚሉትን ቃላትም ቶሎ አትመኑ። «ኢኪሩ» ራሱ ከሩሲያዊው ቶልስቶይ ልብ ወለድ የተነሳ ነው። የ«ሊቪንግ»ን ስክሪፕት የጻፈው ካዙዎ ኢሺጉሮ ደግሞ ናጋሳኪ ተወልዶ እንግሊዝ ያደገ ነው።

የተሰረዘባችሁንም አንድ ቅጂ አስቀሩ። እኔ አላስቀረሁም።