በቻስኮሙስ የጨረባ ጎጆ ስጠብቅ የተማርኩት

በአርጀንቲና፣ ከቦነስ አይረስ በስተደቡብ፣ በቻስኮሙስ ሐይቅ አጠገብ ባለ የከብት እርባታ ላይ ስሠራ ሁለት ጸደይ ሙሉ ጨረባ የምትባለውን ነፍሳት በል ወፍ ጎጆ ተከታትያለሁ። አገሬው በስፓኒሽ «ባለ ነጭ ቅንድብ» ይላታል። ጀርባዋ የሚያብረቀርቅ ሰማያዊ፣ ሆዷና ወገቧ ነጭ ነው፤ ከመንቁሯ በላይ እስከ ዓይኗ የምትደርስ ቀጭን ነጭ መስመር አለቻት። የምትመስላት የቺሌ ጨረባ ግን ይህ መስመር የላትም።

ይህች ወፍ ቀዳዳ መቆፈር አትችልም። ሌላ ወፍ የለቀቀውን የዛፍ ቀዳዳ ወይም የአጥር እንጨት ስንጥቅ ትፈልጋለች። ስለዚህ መግቢያቸው 4.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ የእንጨት ሳጥኖች ሠራሁ። ጥላ ይሻላታል ብዬ ግማሾቹን ቁጥቋጦ ሥር ማኖሬ ስሕተት ነበር፤ በቁጥቋጦ የምትኖር አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ እየገባች እንቁላሎቹን በመንቁሯ ወጋቻቸው። በሚቀጥለው ዓመት ሁሉንም ወደ ሜዳው፣ ወደ አጥሩ ምሰሶ አወጣኋቸው።

እዚያ ጥቅምት ጸደይ ነው። እናትየው በየቀኑ አንድ እንቁላል እየጣለች አብዛኛውን ጊዜ አምስት ታደርሳለች፤ ነጭ ናቸው፣ ነጠብጣብ የላቸውም። የምትታቀፈው እርሷ ብቻ ስትሆን ጫጩቶቹን ግን ሁለቱም ይመግባሉ። ጎጆው ደረቅ ሣር ነው፤ ውስጡ በላባ ይነጠፋል። ከዶሮ ቤት ያመጣሁትን ነጭ ላባ በነፋስ ስለቅላቸው ከአየር ላይ ሲቀልቡት ማየት ሥራዬን ያስረሳኝ ነበር።

የሚያስጨንቀኝ ሱደስታዳ የሚሉት ዝናባማ የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ነው። እርሱ ሲነፍስ በአየር ላይ ነፍሳት ይጠፋሉ፤ ጨረባ ደግሞ የምትበላው በክንፍ እያሳደደች ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከእንዲህ ዓይነት ሁለት ቀን በኋላ ጫጩቶቹ መኖራቸውን ለማረጋገጥ ቸኩዬ ሳጥኑን ከፈትኩ። ከተፈለፈሉ 18 ቀን ሆኗቸው ነበር። ደንግጠው ሳይደርሱ ዘለው ወጡ። አራቱን ከሣሩ ውስጥ ለቅሜ መለስኩና እስኪረጋጉ መግቢያውን በጨርቅ ደፈንኩት፤ አምስተኛውን እስኪመሽ ብፈልገውም አላገኘሁትም። ያ ቀን እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

ከዚያ ወዲህ ከ12ኛው ቀን በኋላ ሳጥን አልነካም። በሁለተኛው ዓመት ከሠላሳ እርምጃ ርቄ በአቅራቢ መነጽር ብቻ ጠበቅኋቸው፤ አንድ ማለዳ አምስቱም ተራ በተራ በረሩ። ሳጥኑን ስጠርግ የዶሮዎቻችን ላባ ከሥሩ ተነጥፎ አገኘሁት።