የዘረመል ምህንድስናን በመቀስና በፕላስተር ማስተማር

በብዙ ክፍሎች የዘረመል ምህንድስና ትምህርት ሰሌዳ ላይ በተሳለች አንዲት ክብ ይጀመርና እዚያው ያልቃል። ተማሪው «ሬስትሪክሽን ኢንዛይም ይቆርጣል፣ ላይጌዝ ይቀጥላል፣ ባክቴሪያ ያባዛል» ብሎ ይሸመድዳል፤ ፈተናውንም ያልፋል። «ጂኑ ተገልብጦ ቢገባስ?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን ግራ ይጋባል። ሊገለበጥ እንደሚችል ያየበት አጋጣሚ የለማ። ይህ ትምህርት በእጅ ካልተሠራ አይገባም የምለው ለዚህ ነው። ለእጅ ሥራው ደግሞ ባለ ካሬ ወረቀት፣ መቀስና ፕላስተር ይበቃል።

ብዙ መምህራን በተግባር ትምህርት የሚያሳዩት ከሙዝ ዲኤንኤ ማውጣትን ነው። ግማሽ ሙዝ በላስቲክ ከረጢት ይደቆሳል፤ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 10 ሚሊ ሊትር የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙናና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ተበጥብጦ ይጨመርበታል፤ አረፋ ሳይበዛ ቀስ ተብሎ ይታሻል፤ በንጹህ ስስ ጨርቅ ይጠለላል። ከዚያ ፍሪዘር ውስጥ ያደረ አልኮል በፈሳሹ መጠን ልክ በብርጭቆው ጎን ይንቆረቆራል። በ5 ደቂቃ ውስጥ በሁለቱ ፈሳሾች መገናኛ ላይ ነጭ ክር ይታያል። ካልታየ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የአልኮሉ ነው፤ ወይ አልቀዘቀዘም፣ ወይ ደካማ ነው። አረቄ አይሠራም፤ ቢያንስ 70፣ ቢቻል 95 በመቶ ያስፈልጋል። ልጆቹ ሲያዩት ይደሰታሉ፣ መደሰታቸውም ተገቢ ነው። ግን ነጩ ነገር ንጹህ ዲኤንኤ እንዳልሆነ፣ ፕሮቲንና ፔክቲንም እንዳለበት ንገሯቸው። ደግሞም ይህ ማውጣት ብቻ ነው፤ ምህንድስናው ገና አልተነካም።

ምህንድስናው የሚጀምረው ከወረቀቱ ላይ ነው። አራት አራት ተማሪ ላለበት ቡድን ሁለት የተለያየ ቀለም ያላቸው ጥብጣቦች አዘጋጁ። እያንዳንዱ ጥብጣብ ሁለት ረድፍ አለው፤ አንዱ ካሬ 1 ሳንቲ ሜትር ይሁን፣ በየካሬው አንድ የዲኤንኤ ፊደል (ኤ፣ ቲ፣ ጂ ወይም ሲ) ይግባ። ከላይ ኤ ካለ ከታች ቲ፣ ከላይ ጂ ካለ ከታች ሲ። አንድ ነገር አደራ፦ የታችኛውን ረድፍ ፊደላት ዘቅዝቃችሁ ጻፏቸው። ሁለቱ የዲኤንኤ ዘንጎች በተቃራኒ አቅጣጫ እንደሚነበቡ ከማንኛውም ገለጻ በላይ የሚያስረዳው ይህ ነው። ወረቀቱን ግማሽ ዙር ስታዞሩት የታችኛው ረድፍ ወደ ላይ ወጥቶ ቀጥ ብሎ ይነበባል።

የመጀመሪያው ጥብጣብ ፕላስሚዱ፣ ማለትም ባክቴሪያ ውስጥ የሚገኘው ትንሽ የዲኤንኤ ቀለበት ነው፤ 30 ፊደላትና ለማጣበቂያ የሚሆን አንድ ባዶ ካሬ አለው። ጫፍና ጫፉ ሲገጥም ወደ 9 ሳንቲ ሜትር ተኩል ስፋት ያለው ቀለበት ይሆናል። በላዩ ላይ ሦስት ቦታዎችን በቀለም ለዩ፦ መባዣ መነሻ (ፕላስሚዱ መቀዳት የሚጀምርበት)፣ አምፒሲሊን የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት መቋቋሚያ ጂን፣ እና «ከዚህ ማንበብ ጀምር» የሚለውን ፕሮሞተር። ከፕሮሞተሩ ቀጥሎ ጂኤኤቲቲሲ የሚል ቅደም ተከተል አንድ ጊዜ ብቻ ይኑር። እውነተኛው ፕላስሚድ በሺዎች የሚቆጠሩ ፊደላት አሉት፤ በጣም የታወቀው ፒቢአር 322 የ4,361 ፊደላት ቀለበት ነው።

ሁለተኛው ጥብጣብ 41 ፊደላት አሉት። አራት የፈለጋችሁት ፊደል፣ ጂኤኤቲቲሲ፣ ከዚያ ኤቲጂ ቲቲቲ ጂቲጂ ኤኤሲ ሲኤኤ ሲኤሲ ቲኤኤ፣ እንደገና ጂኤኤቲቲሲ፣ መጨረሻ ላይ አራት ፊደል። እያንዳንዱ ሦስትዮሽ አንድ አሚኖ አሲድ፣ ማለትም አንድ የፕሮቲን ጡብ ይጠራል። ከመሃል ያሉት አምስት ሦስትዮሾች ከሁለቱ የሰው ኢንሱሊን ሰንሰለቶች የአንዱ፣ የቢ ሰንሰለት፣ መጀመሪያ ናቸው፦ ፌኒልአላኒን፣ ቫሊን፣ አስፓራጂን፣ ግሉታሚን፣ ሂስቲዲን። ከፊት ያለው ኤቲጂ ማስጀመሪያ፣ ከኋላ ያለው ቲኤኤ ማቆሚያ ነው።

መቀሱ ኢኮ አር ዋን የተባለው ኢንዛይም ነው። ጂኤኤቲቲሲ ባገኘበት ሁሉ በጂ እና በኤ መካከል ይቆርጣል፤ በላይኛውም በታችኛውም ረድፍ። ስለዚህ ቁርጡ ቀጥ ያለ አይደለም፣ ደረጃ ነው፦ ከላይ ከጂ ቀጥሎ መውረድ፣ በመሃል መስመሩ አራት ካሬ መሄድ፣ ከዚያ ወደ ታች። ኤኤቲቲ የሚሉ አራት ፊደላት ብቻቸውን ወጥተው ይቀራሉ። ተጣባቂ ጫፍ የሚባለው ይህ ነው።

እዚህ ላይ ስህተቶቹ ይመጣሉ፤ ይምጡ፣ አትከልክሏቸው። አንዱ ቀጥ አድርጎ ይቆርጣል፣ ጫፎቹም የሚይዛቸው ነገር ያጣሉ። እንዲህ ቀጥ አድርገው የሚቆርጡ ኢንዛይሞች በእርግጥ አሉ፤ የእነሱን ጫፍ መቀጠል ከባድ የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። ሌላው ጂኑን በአንድ ጎን ብቻ ይቆርጥና ሁለተኛው ጫፍ አልገጥም ይለዋል። ሦስተኛው፣ በእውነተኛ ላቦራቶሪም እጅግ የተለመደው፣ ፕላስሚዱን ከፍቶ ጂኑን ሳያስገባ መልሶ ይዘጋዋል። ማረጋገጫው መቁጠር ነው። የላይኛውን ረድፍ ያስቆጥሯቸው፦ 57 ከሆነ ጂኑ ገብቷል፣ 30 ከሆነ ቀለበቱ በራሱ ላይ ተዘግቷል።

ፕላስተሩን ከመለጠፋቸው በፊት ጫፎቹን እንዲያጋጥሙና እንዲለቁ አድርጉ። ይወድቃሉ። አራት ጥንድ ፊደል በሃይድሮጅን ትስስር ብቻ የሚይዘው ለአፍታ ነው፤ በፕላስተሩ የመሰልነው ላይጌዝ የሚያስፈልገው ያቺን አፍታ ለማጽናት ነው። ሥራው ብዙ ጊዜ በ16 ዲግሪ ሴልሺየስ ቅዝቃዜ የሚሠራውም ጫፎቹ ቶሎ እንዳይላቀቁ ነው።

አሁን ወደ ተገለበጠው ጂን እንመለስ። የተቆረጠውን የኢንሱሊን ቁራጭ ግማሽ ዙር አዙሩትና እንደገና ግጠሙት። ይገጥማል! ሁለቱም ጫፎች ኤኤቲቲ ስለሆኑ የሚከለክለው የለም። ቆጠራውም 57 ነው። ግን ከፕሮሞተሩ ተነስታችሁ ስታነቡ ከጂኤኤቲቲሲ ቀጥሎ የሚመጣው ቲቲኤ እንጂ ኤቲጂ አይደለም፤ ኢንሱሊኑ የለም። (ጠንቃቃ ተማሪ በዳር በኩል፣ መጋጠሚያው ላይ፣ በአጋጣሚ የተፈጠረ ኤቲጂ ያገኛል። አመስግኑት፤ ከዚያ እያነበበ እንዲሄድና ኢንሱሊን ይወጣ እንደሆነ እንዲያይ ተዉት።) «መፍትሔው ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁና ዝም በሉ። አብዛኛው ክፍል በራሱ ይደርስበታል፦ በአንዱ ጎን ሌላ ኢንዛይም መጠቀም። የቀኙን ቦታ ጂጂኤቲሲሲ አድርጉት፤ ይህን የሚቆርጠው ባም ኤች ዋን ነው፣ የሚተወውም ጫፍ ጂኤቲሲ ነው። ከኤኤቲቲ ጋር አይገጥምም፤ ጂኑ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይገባል።

«የሰውን ጂን እንዳለ ቆርጠን ብንሰጠውስ?» የሚል ይኖራል። ባክቴሪያው አያነበውም። የሰው ኢንሱሊን ጂን ሁለት ኢንትሮኖች፣ ማለትም ፕሮቲን ከመሠራቱ በፊት ተቆርጠው የሚጣሉ የመሃል ክፍሎች አሉት፣ ባክቴሪያ ደግሞ ኢንትሮን ቆርጦ የሚጥልበት መሣሪያ የለውም። የሰውንም ፕሮሞተር አያውቀውም። በ1978 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኢንሱሊን በባክቴሪያ የተሠራው ተመራማሪዎቹ የኤ እና የቢ ሰንሰለቶችን ፊደላት በኬሚካል አቀናብረው፣ ለየብቻ አስመርተው፣ በኋላ ስላገናኟቸው ነው። በ1982 አሜሪካ ለሕክምና ፈቀደችው። ከዚያ በፊት የስኳር ሕሙማን የሚወጉት ከአሳማና ከከብት ጣፊያ አጠገብ ካለው ዕጢ፣ ከፓንክሪያስ፣ የሚወጣ ኢንሱሊን ነበር።

ከመቁረጥና ከመቀጠል ይልቅ ተማሪዎች የሚዘሉት መለየትን ነው። ፕላስሚድ የሚቀበለው ባክቴሪያ እጅግ ጥቂቱ ነው። አምፒሲሊን እዚህ ላይ ወንፊት ነው፤ ፕላስሚድ የሌለውን ይገድላል፣ ያለውን ያስቀራል። ወንፊቱ ግን ፕላስሚድ ያለበትን ይለያል እንጂ ጂን የገባበትን አይለይም። 30 ቆጥሮ የተዘጋው ቀለበትም አምፒሲሊን ይቋቋማል። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር የተረዳ ተማሪ ትምህርቱን ተረድቷል።

ላቦራቶሪና ፈቃድ ያለው ትምህርት ቤት በሚያበራው የጄሊፊሽ ፕሮቲን ጂን ሙከራውን ሊሠራ ይችላል። ለዚህ የሚሆነው በሽታ የማያመጣ የላቦራቶሪ ኢ. ኮላይ ብቻ ነው፤ ከእጅ ወይም ከሽንት ቤት የተወሰደ ባክቴሪያ ፈጽሞ አይነካም። ባክቴሪያው በ250 ማይክሮ ሊትር የካልሲየም ክሎራይድ ፈሳሽ ውስጥ ከፕላስሚዱ ጋር 10 ደቂቃ በረዶ ላይ፣ 50 ሰከንድ በ42 ዲግሪ፣ 2 ደቂቃ እንደገና በረዶ ላይ ይቆያል። ከበረዶ ወደ ሙቀት የሚሻገረው ወዲያው ነው፤ ቱቦውን ይዞ የሚያወራ ተማሪ ሙከራውን ያበላሻል። ከዚያ 250 ማይክሮ ሊትር ምግብ ጨምሮ 10 ደቂቃ ማሳረፍ፣ ሳህኑ ላይ 100 ማይክሮ ሊትር መቀባት፣ በ37 ዲግሪ 24 ሰዓት ማቆየት ነው።

ሁሉም ሳህን ላይ ባክቴሪያ ከበቀለ አምፒሲሊኑ ሞቷል ማለት ነው፤ አጋሩ፣ ማለትም ሳህኑ ላይ የሚረጋው የባክቴሪያ ምግብ፣ ሳይበርድ ተጨምሮበታል። ጠርሙሱ በእጅ ሊያዝ እስኪችል፣ ወደ 50 ዲግሪ እስኪወርድ ጠብቁ፤ ለ500 ሚሊ ሊትር 50 ሚሊ ግራም ይበቃል። በትልልቅ ነጠብጣቦች ዙሪያ ጥቃቅን ከበቀሉ ሳህኑ ከ24 ሰዓት በላይ ቆይቷል፤ ትልልቆቹ መድኃኒቱን ስላፈረሱት ፕላስሚድ የሌላቸው ጎረቤቶቻቸው ተጠልለዋል። ካላበራ አራቢኖስ የተባለው ስኳር ተረስቷል፤ የጂኑ ማብሪያ እሱ ነው።

አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ላይ ለምትሠሩ፦ ምግቡንና ዕቃውን ከጀርም የምታጸዱበት የግፊት ድስት መለኪያ 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ቢያሳይም የውጭው አየር ቀጭን ስለሆነ ውስጡ 121 ዲግሪ አይደርስም፣ 117 ገደማ ይቀራል። መመሪያው 15 ደቂቃ የሚለውን ወደ 40 አድርሱት። ያለቀውን ሳህን አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ውስጥ ቢያንስ 20 ደቂቃ ዘፍዝፉ።

ሌላም መስተካከል ያለበት ነገር አለ። ብዙ ተማሪ ምርጥ ዘርንና ልውጠ ህያውን፣ ማለትም በምህንድስና ጂኑ የተለወጠውን፣ አንድ ያደርጋቸዋል። ቁንጮ ጤፍ በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ሁለት ዝርያዎችን በማዳቀል የተገኘ፣ በ2006 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተለቀቀ ነው፤ መቀስም ፕላስተርም አልነካውም። በ2018፣ እንዲሁ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ኢትዮጵያ ውስጥ እንዲዘራ የተፈቀደው ቢቲ ጥጥ ግን ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ ከሚባል ባክቴሪያ የተወሰደ ጂን ገብቶበታል። ጓያ ትሉ ቅጠሉን ሲበላ የሚሞተው በዚያ ጂን ፕሮቲን ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ «የትኛው ላይ ነው ቀለበት የሠራነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ለፈተና ትርጉም አታስጽፉ። 84 ፊደላት ያሉት ቀለበት ሠርታችሁ ለየቡድኑ ስጡና «ምን ሆኖ ነው?» በሉ። ሁለት ጂን ተከታትሎ መግባቱን ቆጥረው ይደርሱበታል፤ አንዱ ቀጥ ብሎ ሁለተኛው ተገልብጦ ከሆነ ደግሞ ወረቀቱን ማዞር የሚጀምሩት እነማን እንደሆኑ ተመልከቱ።